ፋኑን ሳያዩ ጋዝ አያስሞሉ፦ የመኪናና የቤት ኤሲ ፋን በድሬዳዋ ሙቀት

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት አቤቱታ ይበዛል። አንዱ ከጋራዥ ደጃፍ ነው፦ «መኪናዬ ስነዳት ደህና ናት፣ ቆሜ ስጠብቅ ግን የሙቀት ጌጁ ይወጣል»። ሌላው ከቤት ነው፦ «ኤሲው ማታ ያቀዘቅዛል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ተራ ንፋስ ነው የሚሰጠኝ»። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ቴርሞስታቱ (በሙቀት የሚከፈተው የውሃ በር) ይውጣ» ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ጋዝ አልቋል»። ሁለቱም አቤቱታ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠቁመው ፋኑን ነው።

ፋን ብርድ አይሠራም። ከጋለ ብረት ላይ ሙቀት ይዞ የሚሄድ አየር ያመላልሳል፣ በቃ። አየሩ ይዞት የሚሄደውን የሙቀት መጠን የሚወስኑት በየሰከንዱ የሚያልፈው አየር ክብደትና በብረቱና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ሁለቱም ይጎድላሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በእኩል ሙቀት እንኳ ከጅቡቲ አየር በ12 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ፋን በሊትር እንጂ በኪሎ አይገፋም። ስለዚህ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ያነሰ ይሆናል።

የሙቀት ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ 95 ዲግሪ ቢሆን፣ የውጭው አየር 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ልዩነቱ 75 ነው። አየሩ 36 ሲደርስ ወደ 59 ይወርዳል። አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ያማል ግን ይቻላል። የቤት ኤሲ ግን ውጭ ያለው ኮንደንሰሩ፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭው አየር የሚለቀው ክፍል፣ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚሠራው። አየሩ 20 ሲሆን የነበረው የ30 ዲግሪ ልዩነት አየሩ 36 ሲሆን 14 ብቻ ይቀራል። ከግማሽ በታች ነው። ጤነኛ ኤሲ ይህን የሚያካክሰው ግፊቱንና የኮንደንሰሩን ሙቀት ከፍ አድርጎ፣ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር ይበልጥ እያሠራ ነው። አቧራ የጠጣ ኮንደንሰር ወይም ዘገምተኛ ፋን ያለው ኤሲ ማታ ደህና መስሎ ቀን የሚሸነፈውም ለዚህ ነው። ጋዝ ቢያንሰው ኖሮ ማታም ይደክም ነበር።

መኪናው

የውሃ ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዞራል። ውሃው 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈትና የጋለው ውሃ በላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ ከፊት አየር ይስባል። መኪናው ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲሄድ ከፊት የሚገባው ንፋስ ብቻውን ይበቃል፤ ፋኑ ቢቆምም አይታወቅም። ፋን የሚያስፈልገው መጋላ ሰፈር መግቢያ ላይ ባጃጅ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይና ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራዲያተሩ ክዳን አንድ ነገር መነገር አለበት። በድሬዳዋ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋው የሐረር ከፍታ ደግሞ 94 ላይ። የብዙ መኪኖች የኤሌክትሪክ ፋን የሚነሳው ከ95 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ፋኑ ገና ሲነሳ ውሃው በተራ ግፊት ቢሆን ለመፍላት አፋፍ ላይ ይሆን ነበር ማለት ነው። የሚያድነው ክዳኑ ነው። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን ግፊቱን በ0.9 ባር ገደማ ከፍ አድርጎ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ይወስደዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ውሃው ፈልቶ ይወጣል፣ ባለቤቱም «ፋኑ ዘግይቶ ነው» ብሎ ፋን ይቀይራል። በጣም ርካሹን ዕቃ በመጀመሪያ ማየት ይሻላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑ አይነካም፤ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ እስኪላላና እስኪበርድ ይጠብቁ።

የሚጨመረው ውሃም ነገር አለው። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ፋኑ የቱንም ያህል ቢነፍስ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አይደርስም። ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ግማሽ አሲድ የሌለበት ንጹሕ የባትሪ ውሃ ማድረግ ትክክለኛው ነው።

የኤሌክትሪክ ፋን

እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ መኪኖች ላይ ያለው ይህ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ሪሌውን (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያገናኘውን ማብሪያ) ያበራል፣ ሪሌው ከባትሪው በፊውዝ በኩል ለፋኑ ሞተር ኃይል ይሰጣል። በአሮጌዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ የለም፤ ራዲያተሩ ላይ የታሰረ ስዊች ራሱ ሪሌውን ያዛል። የፋኑ ሞተር ከ10 እስከ 20 አምፔር ይስባል፤ ፊውዙ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 40 ነው።

ፋኑ አልነሳ ካለ ፍተሻው እንዲህ ይሂድ። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ያብሩ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑ ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ መነሳት አለበት። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት ካልተነሳ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም ስዊቹ ጋ ነው። በብዙ መኪና የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው ቁልፉን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ ብሎ ፋኑን ያስነሳዋል፤ ይህም ሪሌውና ሽቦው ደህና መሆናቸውን ይነግርዎታል። በሁለቱም ካልተነሳ የፋኑን ሶኬት ነቅለው ከባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት ይስጡት። ከዞረ ጥፋቱ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም የሶኬት ቃጠሎ ነው። ካልዞረ ወይም በእጅ ሲገፋ ብቻ ከተነሳ የፋኑ ሞተር ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፈው) አልቋል። እየጮኸ ከዞረ ኩሽኔታው ሄዷል፤ ኩሽኔታው የከበደ ሞተር ከልኩ በላይ አምፔር ስለሚስብ ነገ ሶኬቱን ያቀልጣል። ሞተር ከጠፋ በኋላም ፋኑ በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ጣት ከማስገባት በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።

ያገለገለ ፋን ሲገጠም የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይቀያየራሉ። ፋኑ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ባለቤቱም ይረካል፤ ግን አየሩን ወደ ፊት እየገፋ ከመንገዱ ንፋስ ጋር ይታገላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፋኑ እየዞረ ቀጭን ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ። ተስቦ መለጠፍ አለበት። ተገፍቶ ከሄደ ሽቦውን ይገልብጡ። ሌላው በግጭት ጥገና ጊዜ ተነቅሎ የሚጣለው ፋኑን ዙሪያውን የሚከብበው የፕላስቲክ ቀፎ ነው። ያለ ቀፎ ፋኑ ከራዲያተሩ በኩል ከመሳብ ይልቅ በክንፉ ጫፍ ዙሪያ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይበላል። ብዙዎች እንደ ጌጥ ያዩታል፤ ከፋኑ እኩል ግን አስፈላጊ ነው።

«ዳይሬክት» ማድረግ፣ ማለትም ቁልፍ ሲከፈት ፋኑ ሁልጊዜ እንዲዞር ማሰር፣ ቤት እስኪደርሱ መፍትሔ ነው፤ ለዓመታት ግን አይደለም። የፋኑን ሞተር ያለ ዕረፍት ይበላዋል፣ ዲናሞውንም ያደክማል። የግድ ከሆነ በሪሌ፣ በ30 አምፔር ፊውዝና በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይታሰር። ኃይሉን በቁልፉ በኩል የሚያሳልፍ ሰው የቁልፉን ቤት ያቃጥላል።

ቴርሞስታት የማውጣቱ ልማድ ከዚህ ይብሳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላው ጎኑ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከጋለው ውሃ የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። ሜዳ ላይ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያስደስታል፣ ደንገጎ ላይ ግን ሞተሩ ይግላል። ሙቅ አገር ነን ተብሎ የሚወጣ ቴርሞስታት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሊያስከፍል ይችላል።

በቺንጊያ የሚዞር ፋን

ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ ላይ ያለው ፋን ከቺንጊያው ኃይል ይቀበላል፤ መሃሉ ላይ ግን የሲሊኮን ዘይት የያዘ ክላች አለ። ከፊቱ ያለው ጠመዝማዛ ብረት በራዲያተሩ በኩል የሚመጣው አየር ሲግል ይጠመዘዝና ዘይቱን ወደ ሥራ ቦታው ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ፋኑ ከቺንጊያው ጋር ይያያዛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ጠዋት ሲነሳ ለትንሽ ጊዜ መጮኹና ከዚያ ዝም ማለቱ ጤንነት ነው። ዳገት ላይ ጌጁ እየወጣ ጩኸቱን ጨርሶ ካልሰሙ ግን ክላቹ ሞቷል። ፍተሻው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ በእጅ ሲሽከረከር እንደ ማር እየጎተተ አንድ ወይም ሁለት ዙር ሳይሞላ መቆም አለበት። እንደ ልቡ ብዙ ዙር ከዞረ፣ ወይም መሃሉ ላይ በአቧራ የተለጠፈ የዘይት መስመር ከታየ ዘይቱ ወጥቷል። በብሎን ወይም በብየዳ አንድ አድርጎ ማሰር ይቻላል፤ ዋጋው ግን ነዳጅና ጩኸት ነው፣ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታም ዕድሜው ያጥራል።

የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች በዚህ ጉዳይ ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ። የ404 ፋን ክላች በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራ ነው፤ ውሃው ሲግል ስዊቹ ለማግኔቱ ኃይል ይሰጥና ፋኑን ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል። ኃይሉን የምታደርሰው ትንሿ ካርቦን ስታልቅ ግን ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ፋኑ ይቆማል።

አብዛኛው ባጃጅ ራዲያተር የለውም። ከተማዋን የሞሉት የአብዛኞቹ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ፋኑ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል፣ አየሩንም የላሜራ ሽፋን ወደ ሲሊንደሩ ክንፎች ይመራዋል። ሽፋኑ ተነቅሎ «ንፋስ እንዲያገኝ» የሚተወው ባጃጅ ይበልጥ ይግላል፤ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ሳይደርስ ይበተናልና። በዘይት የተለወሰ አቧራ ክንፎቹ መካከል ሲደርቅም ውጤቱ ያው ነው።

ደንገጎ ላይ ጌጁ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን ያጥፉ፤ ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሆነ የእሱን ሙቀት ራዲያተሩ ነው የሚቀበለው። ማርሽ ቀንሰው ዙሩን ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ፓምፑም የቺንጊያ ፋኑም ዙር ይፈልጋሉ። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፤ ላብ ያስወጣል እንጂ ተጨማሪ ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ዳር ይቁሙ፤ ውሃ እየፈሰሰ ወይም እንፋሎት እየወጣ ካልሆነ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ትንሽ ዙር ሰጥቶ ማቆየት ይሻላል። እየፈሰሰ ከሆነ ግን ወዲያው ይጥፋ።

ሙቀቱ መቼ እንደሚመጣ ራሱ ምርመራ ነው። ቆሞ ግሎ ሲነዳ ከቀዘቀዘ ፋን ነው። በፍጥነት ሲነዳ ከጋለ ደግሞ ፋኑን ይተዉት፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ ቴርሞስታት ወይም ፓምፕ ነው። የመኪናው ኤሲም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ሲነዳ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም ለብ ካለ ጋዙ ሳይሆን የኮንደንሰሩ ፋን ነው የሚጠየቀው።

ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው የውስጥ ፋን የራሷ በሽታ አላት። በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ሠርታ በሌሎቹ ዝም ካለች ሞተሯ ሳይሆን ፍጥነቷን የምትቀንስላት ሬዚስተር ተቃጥላለች። ሬዚስተሯ የምትቀዘቅዘው ፋኗ ራሷ በምትነፍሰው አየር ስለሆነ በአቧራ የተደፈነ የካቢን ፊልተር ደጋግሞ ያቃጥላታል። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ጥላ ፈልጎ የሚቆም መኪና ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ቅጠል ይሞላል። ቅጠሉ ፋኗ ውስጥ ገብቶ የሚያሰማው መንኳኳት ብዙ ጊዜ የሞተር ብልሽት ይመስላል።

ቤቱ

12,000 ቢቲዩ የሚባለው ኤሲ ከክፍሉ 3,500 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ኮምፕረሰሩ ራሱ ከ1,000 ዋት በላይ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ፣ ወደ 4,600 ዋት ገደማ፣ ወደ ውጭ የሚበትነው 40 ዋት ያህል ብቻ የሚበላ ፋን ነው። ይህች ትንሽ ፋን ስትዘገይ የኮንደንሰሩ ግፊት ይወጣል። በአር-410ኤ ጋዝ 50 ዲግሪ ላይ ግፊቱ 30 ባር ገደማ ነው፤ ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ኮምፕረሰሩ ግሎ መከላከያው ያጠፋዋል፣ በርዶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው ንፋስ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ጋዝ ሲጨመር ግፊቱ ይበልጥ ይወጣና ኤሲው ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ያ ሳይገኝ የሚሞላ ጋዝ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የውጭው ክፍል ፋን አየር የሚስበው ከኋላና ከጎን በኮንደንሰሩ በኩል ነው፤ የሚያወጣው በፊት። አቧራው ስለዚህ የሚጠራቀመው ግድግዳው በኩል፣ ማንም በማያየው ጎን ነው። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል ኤሲ ከኋላው ብርድ ልብስ የለበሰ ሊሆን ይችላል። አጥቡልኝ ካሉ ብሬከሩ ይውረድ፣ የላይኛው ክዳን ይነሳ፣ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ በተራ ጎማ ይፍሰስ። ከውጭ በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ቀጫጭን ክንፎቹን አጣጥፎ ቆሻሻውንም ወደ ውስጥ ይተክለዋል። በበጋ ንፋስ አፈሩን ሲያነሳው በየሁለት ወሩ ማየት አይበዛም።

የቦታ ጉዳይ ከዚህ እኩል ነው። ከኋላ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ደግሞ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ክፍት ቦታ ይተዉ። ሌባን ፈርቶ በላሜራ ሳጥን የተከረቸመ ኤሲ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ ፍርግርግ ብረት ይበቃል። በጠባብ መተላለፊያ ፊት ለፊት የተሰቀሉ ሁለት ኤሲዎችም እርስ በርስ ይተፋፋሉ። ጥላ ጥሩ ነው፣ አየሩን እስካልዘጋ ድረስ።

ፋኑ ደህና መሆኑን በቴርሞሜትር ማወቅ ይቻላል። ከውጭው ክፍል የሚወጣው አየር ከሚገባው በ8 እስከ 12 ዲግሪ ይሞቃል። ልዩነቱ በጣም ከሰፋና አየሩ ደካማ ከሆነ የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው፤ ፋን ወይም አቧራ። ልዩነት ከሌለ ኮምፕረሰሩ እየሠራ አይደለም ወይም ጋዙ ወጥቷል። ውስጥም እንዲሁ፦ ብርቱ አየር ወጥቶ ልዩነቱ ከ6 ዲግሪ በታች ከሆነ ወደ ጋዝና ኮምፕረሰር ይሂዱ፤ አየሩ ደካማ ሆኖ በጣም ከቀዘቀዘ ወይም ቱቦው በረዶ ከሠራ መጀመሪያ ፊልተሩንና በርሜል መሳዩን የውስጥ ፋን ይመልከቱ። የዚህ ፋን ትናንሽ ክንፎች መካከል የሚጋገረው አቧራ በፊልተር ማጠብ አይወጣም፤ በብሩሽና በሳሙና ውሃ ነው የሚለቀው። ፊልተሩ ራሱ በየሁለት ሳምንቱ በለብታ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ኢንቨርተር ባልሆኑ (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በማይለዋውጡ) ኤሲዎች የውጭው ፋን ሲዘገይ ተጠርጣሪው ካፓሲተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ዕቃ፣ ነው። ለፋኑ የሚሆነው ትንሽ ነው፣ ከ1.5 እስከ 3 ማይክሮፋራድ፤ ለኮምፕረሰሩ ግን 25 እና ከዚያ በላይ። ፋኑ እያጉረመረመ ካልተነሳና ሲገፋ ብቻ ከዞረ ካፓሲተሩ ደክሟል። ብሬከሩ ወርዶም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በቴስተር ከመለካቱ በፊት በአምፖል ይራገፍ። ከተጻፈበት ቁጥር ከ10 ከመቶ በላይ ከቀነሰ ይቀየራል። ካፓሲተር የሚሞተው በሙቀት ነው፤ ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ላይ ያለ ኤሲ ቶሎ ይበላዋል።

የመብራት መውረድም ፋኑን ይጎዳል። የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው፤ 220 የነበረው 180 ሲሆን ጉልበቱ ሲሶ ያህል ይጎድላል። ፋኑ በዘገየበት ሰዓት ኮምፕረሰሩም እየታገለ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ሳይቆዩ ኤሲውን አያስነሱ፤ ግፊቱ እስኪመጣጠን ነው።

የጣሪያ ቬንትሌተር በዚህ ሁሉ መካከል ባለጉዳይ አይደለም፤ ክፍሉን ሳይሆን ላብዎን አድርቆ እርስዎን ነው የሚያቀዘቅዘው። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ሲዞር የሚውል ቬንትሌተር እስከ 70 ዋት የሚደርስ ሙቀት ከመጨመር ሌላ ሥራ የለውም። ከኤሲ ጋር ሲሆን ግን ኤሲውን ከ24 ወደ 26 ከፍ አድርጎ ያው ምቾት ይገኛል።

የውጭውን ፋን ሞተር ለመቀየር ወደ ድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ። መመሳሰል ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ ዋቱ፣ የሚፈልገው ካፓሲተር ቁጥር፣ የዘንጉ ውፍረትና የሚዞርበት አቅጣጫ። ሦስቱ ተመሳስለው አቅጣጫው የተለየ ሞተር ተገጥሞ አየሩን ወደ ግድግዳው የሚገፋ ኤሲ አለ፤ ሻጩ ጋ እያሉ ኤሌክትሪክ አሰጥተው ወዴት እንደሚዞር ይዩት፣ በዘንጉ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎንም ከድሮው ክንፍ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን እዚያው ይሞክሩት።